ጫጫታው ሥራ ነበረው

ስለ «ዳርክላንድስ» አልበም ወሬ ሲነሳ አንዲት ቃል ትቀድማለች፦ «ለዘቡ»። ስኮትላንዳውያኑ የሮክ ባንድ ጂሰስ ኤንድ ሜሪ ቼይን ጆሮ የሚበሳውን የመጀመሪያ አልበማቸውን «ሳይኮካንዲ»ን ያወጡት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1985 ነው። ሁለተኛው፣ «ዳርክላንድስ»፣ ኦገስት 31 ቀን 1987 ተከተለ። ሁለቱን አስከትሎ የሰማ ሰው ባንዱ የተለወጠ ሊመስለው ይችላል። ሲያፏጭ የኖረው ጊታር አደብ ገዝቷል፤ ግጥሙ ቃል በቃል ይሰማል፤ ድራሙ እንደ ግድግዳ ሰዓት ሳይዛነፍ ይመታል። ከዚህ ተነስቶ «በሁለተኛው ላይ ዜማ ጨመሩ» ማለት ቀላል ነው።

ዜማ ግን አልጨመሩም። ዜማው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር። በሁለቱ አልበሞች መካከል የተደረገው ሌላ ነገር ነው፦ ጫጫታው ብቻውን ተሸክሞት የነበረው ሥራ ተነስቶ ለድራሙ፣ ለንጹሑ ጊታርና ለዘፋኙ ድምፅ ተከፋፈለ። ይህን ሥራ በደንብ ሳይቆጥሩ ጫጫታውን ብቻ የሚያነሱ ባንዶች ሁለተኛ አልበማቸው ላይ የሚወድቁት ለዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጫጫታው ምን ይሠራ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል።

ጂምና ዊሊያም ሪድ ከግላስጎ አጠገብ ባለችው ኢስት ኪልብራይድ ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው ከፋብሪካ ሥራው ሲቀነስ ካገኘው ገንዘብ 300 ፓውንድ ሰጣቸው፤ እነሱም ፖርታስቱዲዮ ገዙበት። ይህ በተራ ካሴት ላይ የሚቀዳ 4 ትራክ ያለው መሣሪያ ነው። አራት ትራክ ማለት አንድ ለድራም፣ አንድ ለቤዝ፣ አንድ ለጊታር፣ አንድ ለድምፅ ነው፤ ለማስጌጫ የሚተርፍ ቦታ የለም። በእንደዚህ ዓይነት መሣሪያ ላይ የሚሠራ ሰው ዘፈኑን በዜማውና በሁለት ሦስት ኮርድ (አብረው በሚመቱ ኖታዎች) ማቆም አለበት፣ አለዚያ የሚደግፈው ነገር የለም። ወንድማማቾቹ የሚወዱት ደግሞ በአንድ በኩል የ1960ዎቹ የአሜሪካ የሴት ልጆች ቡድኖችን፣ ሮኔትስንና ሻንግሪ-ላስን፣ በሌላ በኩል ብረት የሚቀጠቅጡትን ጀርመኖች፣ አይንስቱርትሰንደ ኖይባውተንን ነበር። የዜማው ምንጭ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ማስረጃው በ«ሳይኮካንዲ» የመጀመሪያ ሰከንዶች ውስጥ ተቀምጧል። «ጀስት ላይክ ሃኒ» የሚከፈተው በድራም ብቻ ነው። በአንድ ባር፣ ማለትም በአንድ የምት ዙር፣ ውስጥ አራት ምት ቁጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ወፍራሙ ድራም የሚወድቀው በአንድ ላይ፣ ከዚያ በሁለትና በሦስት መሃል ባለችው ግማሽ ምት ላይ፣ ከዚያ በሦስት ላይ ነው። ስኔሩ፣ ስል ድምፅ ያለው ድራም፣ በአራት ላይ ይጮኻል። ዱም፣ ዱ-ዱም፣ ጧ። ይህ ሮኔትስ በ1963 በፊል ስፔክተር ፕሮዲዩሰርነት በሠሩት «ቢ ማይ ቤቢ» መግቢያ ላይ ሃል ብሌይን የመታው ምት ነው፤ ምንም አልተሸሸገም። በላዩ ላይ ጂም ሪድ በለሆሳስ ይዘፍናል፣ ካረን ፓርከር ትቀበለዋለች። ጫጫታውን በሐሳባችሁ ብታነሱት የሚቀረው የፍቅር ዘፈን ነው።

አሁን ወደ ጫጫታው ራሱ። ፊድባክ የሚባለው በየሠርጉ ድንኳን የምናውቀው የማይክ ፉጨት ወንድም ነው። የጊታሩ ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ይይዛል፣ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል፣ ስፒከሩ አየሩን ይገፋል፣ አየሩ ተመልሶ ክሩን ያርገበግበዋል። ዙሩ ከተዘጋና በእያንዳንዱ ዙር ድምፁ ካልቀነሰ ጊታሩ ማንም ሳይነካው መጮኹን ይቀጥላል። ዊሊያም ሆዳቸው ባዶ የሆኑትን የግሬች ጊታሮች መጠቀሙ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ እንደዚህ ዓይነት ጊታር ክሩ ብቻ ሳይሆን የእንጨቱ ፊትም ስለሚርገበገብ በትንሽ ድምፅም ቢሆን ዙሩ ይዘጋል። በመሃል ደግሞ ሺን-ኢ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ የሠራው ፈዝ-ዋህ የተባለ በእግር የሚረገጥ ፔዳል አለ። ፈዝ የሞገዱን ጫፍና ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ከቆረጠው ሞገድ አዳዲስ ቀጫጭን ድምፆች ይፈልቃሉ። የሺን-ኢ ፈዝ ከመካከለኛው ድምፅ ቀንሶ ቀጭኑን ስለሚያወጣ እንደ መጋዝ ይሰማል።

ይህን ድምፅ ለመሥራት የሚሞክር ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው ፊድባክ ማለት ቮልዩም መጨመር ብቻ እንደሆነ በማሰብ ነው። ቦታም ይወስነዋል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ 440 ሄርዝ የሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 440 ጊዜ የሚነዝር፣ ኖታ ርዝመቱ 78 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከስፒከሩ ፊት 39 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ብትሉ ሲደግፈው የነበረው ሞገድ ተገልብጦ ያጠፋዋል፣ ወይም ጊታሩ ወደ ሌላ ኖታ ይዘላል። ስለዚህ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ ለእያንዳንዱ ኮርድ የሚጮኸው ቦታ የተለያየ ነው። የማይፈለጉትን ክሮች በእጅ መዳፍ ማፈንም ያስፈልጋል፤ ስድስቱም ክፍት ከሆኑ ጊታሩ ራሱ የመረጠውን እንጂ ዘፈኑ የሚፈልገውን ኖታ አይሰጥም።

ኖታ ማለቴን ልብ በሉ። ፊድባክ ድብልቅልቅ ያለ ድምፅ ቢመስልም ቅጥ አለው። የጊታር የታችኛው ኢ ክር 82.4 ሄርዝ ነው፤ ሲጮኽ የሚወጣው ብዙ ጊዜ 164.8፣ 247.2፣ 329.6 እያለ በብዜቱ ነው። ያ ማለት ጫጫታው ከዘፈኑ ቅኝት ጋር ይስማማል፤ ዜማው ሥር ተዘርግቶ የሚቆይ አንድ ረጅም ኖታ ነው። በገና ሲደረደር የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በገናው ላይ በእያንዳንዱ ክርና በበርኩማው መካከል የምትገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራ፣ ክሩ ሲርገበገብ እየነካካችው ያንን የሚነዝር ድምፅ ታወጣለች። እንዚራዋ ብትወጣ ዜማው ያው ነው፣ ድምፁ ግን ቀጥኖ ይቀራል። ደርዳሪው ንዝረቱን የሚያስተካክለው ለመረበሽ ብሎ አይደለም፤ የመሣሪያው አካል ነው። ፈዝም ለዊሊያም ሪድ እንዲሁ ነበር።

ከዚህ በኋላ የጫጫታውን ሥራ መቁጠር ይቻላል። የመጀመሪያው ሥራ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። በዚያን ጊዜ ድራም ይመታ የነበረው ቦቢ ጊለስፒ ቆሞ በስኔርና በአንድ ቶም (ወፍራም ድምፅ ባለው ከበሮ) ብቻ ይጫወት ነበር፤ ጸናጽል የለውም። ዳግላስ ሃርት ቤዙ ላይ ሁለት ክር ብቻ ነበረው። እንግዲህ በሌላ ባንድ ጸናጽሎቹ፣ ሃይሃትና ሲምባል፣ ሳያቋርጡ የሚሞሉት የላይኛው የድምፅ ወለል ባዶ ነው ማለት ነው። የሞላው ፊድባኩ ነው። ጊታሩ ሲምባል ሆኖ ሠርቷል።

ሁለተኛ፣ ጫጫታው ዘፋኙን ሸፍኖለታል። የአማርኛም ሆነ የእንግሊዝኛ ተነባቢዎች፣ «ስ»፣ «ት»፣ «ክ» የሚባሉት፣ በአብዛኛው ተለይተው የሚሰሙት ከ2 ሺህ ሄርዝ ገደማ በላይ ነው። የፈዙ መጋዝም የሚቀመጠው እዚያው ነው። ስለዚህ ቃሉ ይዋጣል፣ አናባቢው ብቻ ይንሳፈፋል። ጂም እንደ ሮክ ዘፋኝ አይጮኽም፤ ለራሱ የሚያንጎራጉር ሰው ነው የሚመስለው። ከጫጫታው ሥር ያ ለስላሳነት ምሥጢር ይሆናል። ሦስተኛው ሥራ ደግሞ መብራት የማብራትና የማጥፋት ሥራ ነው፦ አዝማቹ ሲመጣ ኮርዱ ሳይለወጥ ፈዙ ይገባል፣ ሲያልቅ ይወጣል። ዘፈኑ ያደገ የሚመስለው በዚያ ነው።

ይህን በቤታችሁ መፈተን ትችላላችሁ። «ኔቨር አንደርስታንድ»ን ክፈቱና በስልካችሁ ወይም በኮምፒውተራችሁ ኢኳላይዘር (የድምፅ ማስተካከያ) ከ2,500 እስከ 6,000 ሄርዝ ያለውን በ10 ዲሲቤል ያህል ዝቅ አድርጉት። ጫጫታው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ግን ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ከሥሩ በባሕር ዳርቻ የሚዘፈን የ1960ዎቹ ዓይነት ዜማ ብቅ ይላል።

ወደ 1986 እንለፍ፣ ምክንያቱም «ዳርክላንድስ» የተወለደው በዚያ ዓመት ነው ብዬ አምናለሁ። ጊለስፒ በዓመቱ መጀመሪያ ወደ ራሱ ባንድ ወደ ፕራይማል ስክሪም ሄደ። በጁላይ ወር «ሳም ካንዲ ቶኪንግ» የተባለው ነጠላ ዜማ ወጥቶ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 13ኛ ደረጃ ደረሰ። ከዚሁ ጋር በወጣው ኢፒ (ጥቂት ዘፈን በያዘ አጭር ሸክላ) ላይ አንድ የቆየ ዘፈን በአኮስቲክ ጊታር ተመልሶ መጣ፦ «ቴስት ኦፍ ሲንዲ»። በ«ሳይኮካንዲ» ላይ ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ የመጋዝ ድምፅ ነበር። እዚህ ግን ያ ሁሉ ተነስቶ ዘፈኑ ራቁቱን ቆሟል፤ አልወደቀምም። ለዘቡ የሚሉ ሰዎች ሁለቱን ቅጂ አስከትለው ቢሰሙ ክርክሩ ያበቃል። ዜማው አንድ ነው፤ ኮርዱ አንድ ነው።

«ዳርክላንድስ» ሲቀዳ ዊሊያም ሪድ በሴክስ ፒስቶልስና በክላሽ ሥራዎች ስሙ ከታወቀው ኢንጂነር ከቢል ፕራይስ ጋር በፕሮዲዩሰርነት ሠራ። ይህ ምርጫ ብልህ ነበር። ፕራይስ ኃይለኛ ጊታርን ሳያዳክም በሥርዓት ማስቀመጥ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ለስላሳ ፖፕ ብቻ የለመደ ሰው ቢሆን ኖሮ አልበሙ ውኃ ውኃ ይል ነበር። ድራመኛ አልተቀጠረም፤ በጊለስፒ ቦታ ድራም ማሽን ገባ። «ሳይኮካንዲ» 14 ዘፈን በ39 ደቂቃ ገደማ የያዘ ሲሆን «ዳርክላንድስ» 10 ዘፈን በ36 ደቂቃ ገደማ ይዟል። በአማካይ ሲሰላ አንዱ ዘፈን ከ2 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ወደ 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ አድጓል። ይህ ጭማሪ ቀላል አይደለም። በጫጫታ የተሞላ ዘፈን ከሦስት ደቂቃ በታች ሲያልቅ ጆሮ ገና ሳይደክም ይለቃል፤ ንጹሕ ዘፈን ግን ሌላ ክፍል፣ ወይም ረጅም መውጫ፣ ወይም በስንኞች መካከል የሚዘፍን ጊታር ይጠይቃል።

ያ የሚዘፍን ጊታር ነው የአልበሙ ትልቁ ነገር። በ«ኤፕሪል ስካይስ» ላይ ሲምባል የነበረው ጊታር አሁን ዘፋኝ ሆኗል፤ ጂም ትንፋሽ ሲወስድ ጊታሩ ይቀበላል፣ ልክ ተቀባይ እንደሚያደርገው። የላይኛውን የድምፅ ወለል በሚገረፈው ጊታርና በማሽኑ ሃይሃት ሞሉት። አዝማቹን ለማሳደግ ፈዝ በማስገባት ፈንታ ጊታር በጊታር ላይ ደራረቡ። ዘፋኙን ከሸፈነው ጫጫታ ይልቅ ኤኮው ሸፈነው፣ ቃሉ ግን ከፊት ቀረ። ነጠላ ዜማው በእንግሊዝ 8ኛ ደረጃ ሲደርስ አልበሙ 5ኛ ሆነ፤ «ሳይኮካንዲ» ያቆመው 31ኛ ላይ ነበር።

ከዚህ በታች ያለው የመጀመሪያ ቅጂውን በጫጫታ ሠርቶ ሁለተኛውን ማጽዳት ለሚፈልግ ባንድ ነው። ወንድማማቾቹ በስቱዲዮ ውስጥ የያዙትን ቁጥር የምገለብጥ አይደለሁም፤ ሥራው ራሱ የሚጠይቀውን ነው የምጽፈው።

ዘፈኑን በአንድ አኮስቲክ ጊታርና በአንድ ድምፅ በስልክ ቅዱት። በዚህ ካልቆመ በስቱዲዮ አይቆምም፤ በጫጫታው ይቆይ፣ አትግፈፉት። ቀጥሎ ቅኝቱን ፈትሹ። በጫጫታ ሥር የሚያንጎራጉር ዘፋኝ ብዙውን ጊዜ ከድምፁ ወሰን በታች ነው የሚዘፍነው፣ ምክንያቱም ማንም አይሰማውም። ጫጫታው ሲነሳ ያ ዝቅተኛ ድምፅ ያለ ጉልበት ይቀራል። ካፖ፣ ክሮቹን የሚቆነጥጠውን መያዣ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት መስመር) ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። ከሁለት ሴሚቶን (አንዱ የአንድ ፍሬት ያህል ነው) ጀምሮ ልዩነቱ ይሰማል፣ ከአራት በላይ ግን መጮኽ ይጀምራል፤ መጮኽ ከጀመረ ያ ባንድ ሌላ ባንድ ሆኗል።

ድራም ማሽኑ ላይ ነው ብዙዎች የሚሰናከሉት። ማሽኑ ሁሉንም ምት እኩል ጉልበት ይሰጠዋል፣ በዚያ ላይ ሽፋን የለም። የሃይሃቱን ጉልበት ከማሽኑ ከፍተኛ ቁጥር ከ127 ላይ ጠንካራውን ምት ወደ 100፣ ደካማውን ወደ 70 አውርዱት። ስኔሩን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ አዘግዩት፤ ከ20 ካለፈ ግን ስህተት መሆኑ ይታወቃል። ከሁሉ የሚረዳው ደግሞ አንድ ሰው ቆሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ የሚመታው ታምቡሪን ነው። ቆርጦ እየለጠፉ መደጋገም አይሆንም፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ይምታ። ጆሮ ሰውየውን ይከተላል፣ ማሽኑን ይረሳል። «ዳርክላንድስ» ራሱ በአንዳንድ ቦታ ዕድሜው የሚታወቀው በዚሁ ነው፤ የስኔሩ ድምፅ 1987ን በግልጽ ይናገራል፣ ይህን የምለው አልበሙን እየወደድኩ ነው።

ሪቨርቡ፣ ማለትም የአዳራሽ ዓይነት ማስተጋባት፣ ሌላው ወጥመድ ነው። በጫጫታው ጊዜ የተለመደው ረጅም ሪቨርብ በፈዙ ስለሚሸፈን አይታወቅም። ፈዙ ሲነሳ ያው ሪቨርብ ከ200 እስከ 400 ሄርዝ መካከል ጭቃ ይሆናል፤ ቤዙና አኮስቲክ ጊታሩ የሚገናኙት እዚያ ነውና። ወደ ሪቨርቡ የሚገባውን ድምፅ ከ300 ሄርዝ በታች ቁረጡ፤ ለዘፋኙ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ ፕሪ-ዲሌይ (ማስተጋባቱ ከመጀመሩ በፊት ያለ መዘግየት) ስጡት፣ ተነባቢው ቀድሞ እንዲያልፍ። ርዝመቱ 2 ሰከንድ አካባቢ ይበቃል። ሁለቱን አኮስቲክ ጊታሮች አንድ ጊዜ ቀድቶ መገልበጥ አይጠቅምም፤ ሁለት ጊዜ ተጫውታችሁ አንዱን ወደ ግራ ሌላውን ወደ ቀኝ አስቀምጡ። የሚያብረቀርቀው በሁለቱ መካከል ያለው ትንሽ ልዩነት ነው።

ጫጫታውንም ሙሉ በሙሉ አትጣሉት። ኤሌክትሪክ ጊታሩን ስትቀዱ በፔዳሉ ውስጥ ያለፈውንና ንጹሑን መስመር ለየብቻ ያዙ። ከዚያ አንድ የፊድባክ ትራክ ብቻ፣ ከዋናው ጊታር በ12 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ፣ በመጨረሻው አዝማች ላይ ይግባ። ሰሚው ለይቶ አያውቀውም፤ ስታጠፉት ግን ክፍሉ የጠበበ ይመስለዋል።

አሰላለፉም መነሳት አለበት። አልበሙ የሸክላ ዘመን ነውና አምስት ዘፈን በአንድ ፊት፣ አምስት በሌላው ፊት ነው። የመጀመሪያውን ፊት የሚከፍተው የአልበሙ ስም የሆነው ዘፈን አምስት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው፣ የሚዘፍነውም ጂም ሳይሆን ዊሊያም ነው። ሬዲዮ የሚወደውን «ኤፕሪል ስካይስ»ን አስቀድመው ማስቀመጥ ሲችሉ ወደ ሁለተኛው ፊት መክፈቻ አሻገሩት። ዘገምተኛውንና ጨለማውን «ናይን ሚሊየን ሬይኒ ዴይስ»ን፣ እሱንም ዊሊያም ነው የሚዘፍነው፣ በመጀመሪያው ፊት መዝጊያ ላይ አኖሩት። ለሽያጭ ብለው ለዘቡ የሚለውን ሐሜት ለመቀበል የማልችለው በዚህም ምክንያት ነው፤ ለሽያጭ የሚያስብ ሰው በሩን በዚህ ዘፈን አይከፍትም።

እኔ ከሁለቱ «ዳርክላንድስ»ን አስበልጣለሁ፣ «ጀስት ላይክ ሃኒ»ን የሚተካ አንድም ዘፈን እንደሌለበት እያወቅሁ። በ1989 ተከትሎ የመጣው «ኦቶማቲክ» ቤዙንም ለማሽን ሰጠ፤ እዚያ ማሽኑ በዛ፣ የሰው እጅ አነሰ፣ ሚዛኑም ለእኔ ጆሮ ተዛነፈ። በ1987 ግን ልኩ ላይ ነበሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰሙት ከሆነ «ቴስት ኦፍ ሲንዲ»ን በ1985ቱ ቅጂ፣ ቀጥሎ በ1986ቱ አኮስቲክ ስሙት። ከዚያ ቮልዩሙን ሳትነኩ በቀጥታ ወደ «ዳርክላንድስ» የመጨረሻ ዘፈን ወደ «አባውት ዩ» እለፉ። ጂም እንደ ድሮው ነው የሚያንጎራጉረው፤ አሁን ግን ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል።